ውጅግራ ስንት ያወጣል?
ከውጭ ተገዝተው ስለ መጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሠራርና ዋጋ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከመካከላችን ሁለታችን ወደ አርሲ፣ ወደ ጀጁ ወረዳ ከተማ ወደ አርቦዬ ሄደን ነበር። በእንግድነት ባረፍንበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ረጅም ጠመንጃ ተሰቅሎ አየን። የቤቱ ባለቤት አዛውንት ጠመንጃውን አውርደው በጨርቅ ከጠረጉት በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «ልጆቼ ‹አሮጌ ብረት ነው፤ ይጣሉት› ይሉኛል። አባቴ ደግሞ ‹በዘመኑ ጋሻ መሬት ያወጣ ነበር› ይሉኝ ነበር። እናንተ ተምራችኋልና ንገሩኝ፤ የቱ ነው እውነቱ?»

በዚያች ሰዓት የምንመልሰው አልነበረንም። ከተመለስን በኋላ ግን መጻሕፍት አገላብጠን ያገኘነውን ለእርሳቸውም ለጓደኞቻችንም ይጠቅማል ብለን ከዚህ በታች አቅርበነዋል። የጠመንጃዎቹን የሞዴል ዓመት እንደ አውሮፓውያን፣ የአገራችንን ታሪክ ዓመት እንደ እኛ አቆጣጠር ጽፈናል።

ሀ/ ስለ አሠራሩ

አንድን አሮጌ ጠመንጃ ለመመዘን በመጀመሪያ ሦስት ነገሮችን መመልከት ያስፈልጋል፤ እነርሱም የት እንደ ተሠራ፣ ከኋላው እንዴት እንደሚዘጋ፣ ጥይትም እንዴት እንደሚጎርስ ናቸው።

ስናድር የተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ከመነሻው አዲስ ሥራ አይደለም። በአፈሙዙ ባሩድ የሚጠቀጠቅበትን የ1853 ሞዴል ኤንፊልድ ከኋላው ከፍተው በጎን የሚገለጥ መዝጊያ አደረጉለት። ዘዴው ወጪን የሚቆጥብ ነበር፤ ነገር ግን ቀለሁን ለማውጣት ተኳሹ መዝጊያውን ወደ ኋላ ከሳበ በኋላ ጠመንጃውን ገልብጦ ማራገፍ ነበረበት። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲመጣ የያዘው ይህን ነበር።

ሬሚንግተን የአሜሪካ ሥራ ነው። መዝጊያው ተንከባሎ የሚገጥም ሲሆን፣ መምቻው በሚወርድበት ጊዜ ራሱ ከኋላ ደግፎ ይቆልፈዋል። ክፍሎቹ ጥቂትና ወፍራም ስለ ሆኑ በቶሎ አይበላሽም። ግብፆች ይህን ታጥቀው መጥተው በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ድል ስለ ሆኑ፣ ብዙ ሬሚንግተን በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት እጅ ገባ።

ውጅግራ ስሙን ያገኘው «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ «ፉዚ» ጠመንጃ ማለት ሲሆን፣ «ግራ» የአዘጋጁ መኮንን ስም ነው። የ1874 ሞዴል፣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ የሚያልፍ፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው። እንደ በር መቀርቀሪያ ተስቦ ይከፈታል፤ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። በአርቦዬ ያየነው ጠመንጃ የሴንት ኤትየን ማኅተም ነበረበት። ይህም የፈረንሳይ መንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስለ ሆነ፣ ጠመንጃው ነጋዴዎች ከአሮጌ ዕቃ ገጣጥመው ከሚሸጡት የተሻለ መሆኑን ያስረዳል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት መዝጊያው አሁንም ያለ ችግር ይከፈታል፤ ይዘጋልም።

ከእነዚህ በኋላ የመጡት ደግሞ ደጋጋሚዎች ናቸው። የ1891 ሞዴል የሆነው የጣልያን ካርካኖ 6 ጥይት ይጎርሳል፤ ነገር ግን ጥይቶቹን አንድ ላይ የሚይዘው የብረት ማቀፊያ ከጠፋ ባለ ጠመንጃው እንደ ውጅግራ አንድ በአንድ ለማጉረስ ይገደዳል። ከጣልያን ወረራ በፊት መንግሥት አዲስ ያስገዛው የቤልጅግ ማውዘር ግን 5 ጥይት ሲጎርስ ማቀፊያ ባይኖርም ጥይቱ በጣት ወደ ውስጥ ይገፋል። በዚህ ምክንያት በአሠራር ከሁሉ የሚመረጠው እርሱ ነው።

ለ/ ስለ ዋጋው

እነዚህ ሁሉ ወደ አገራችን እንዴት መጡ? አውሮፓ ጠመንጃ በለወጠ ቁጥር አሮጌው በመጋዘን ይከመራል፤ የተከመረውም ገዢ ይፈለግለታል። በተለይ ፈረንሳይ በ1886 ጭስ በሌለው ባሩድ የሚሠራውን ሌበልን ባወጣች ጊዜ፣ ያልተበላሸው ውጅግራ ባንድ ጊዜ ያረጀ ዕቃ ሆነ። ብረቱ ሳይዝግ ዋጋው ወረደ ማለት ነው።

የነጋዴውን ትርፍ ለመገመት አንድ ምስክር አለን። ኋላ በግጥሙ የታወቀው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ በ1878 ዓ.ም. ከታጁራ ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ ወደ ሸዋ ሊወስዳቸው ያሰባቸው ጠመንጃዎች ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ ባለ ቆብ ጠመንጃዎች መሆናቸውን አልሸሸገም። በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ አንዱ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ሲገኝ፣ ለንጉሥ ምኒልክ በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣል። አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። እርግጥ ነው፣ በመካከሉ የበረሃው መንገድ፣ የግመሉ ኪራይና የሞት አደጋ ነበረ፤ ራምቦም በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ገብቶ ዕቃውን ካስረከበ በኋላ ከሰርኩ ብሎ አማርሯል።

ነገር ግን 40 ፍራንኩን በመጨረሻ የከፈለው ማን ነው? ክፍያው የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና ነበር፤ ይህም ሁሉ ከገባሩ የሚሰበሰብ ነው። ከዚህም ሌላ ጠመንጃ ያለ ጥይት ዱላ ነው። በዚያ ዘመን ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር እንደ ነበር፣ የተተኮሰው ቀለህም እንደገና እየተሞላ ይሠራበት እንደ ነበር ስናስብ፣ የጠመንጃ ወጪ በግዢው ቀን እንደማያልቅ እንረዳለን።

ሐ/ ስለ ተቃራኒው ወገን

ከሁሉ ይልቅ የጠመንጃን ዋጋ የሚወስነው በፊቱ የቆመው ወገን የያዘው መሣሪያ ነው። ይህን በሦስት ጦርነቶች እናስረዳ።

በጳጉሜ 1878 ዓ.ም. በአዙሌ የአርሲ ኦሮሞዎች ከራስ ዳርጌ ጦር ጋር ተዋጉ። አርሲዎች ለዓመታት አገራቸውን በጀግንነት ሲከላከሉ ቆይተው ነበር፤ በእጃቸው የነበረው ግን ጦርና ጋሻ ነው። በጦርና በጋሻ ፊት አውሮፓ የጣለው ጠመንጃም ቢሆን ወሳኝ ሆነ። ከዚያ በኋላ መሬቱ ለባለ ነፍጡ ታደለ፤ ባለ አገሩ ገባር ሆነ። «ነፍጠኛ» የሚለውም ቃል ከነፍጥ የመጣ ነው።

በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የባራቲየሪ ወታደሮች የያዙት ቬተርሊ በ1870 ተሠርቶ በ1887 ባለ 4 ጥይት የተደረገ ጠመንጃ ነበር። ውጅግራና ቬተርሊ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። በኢትዮጵያውያን እጅ ከነበሩት ሬሚንግተኖችም አንዳንዶቹን የሰጠች ጣልያን ራሷ ናት፤ በጥቅምት 1880 ዓ.ም. በተደረገው ውል 5,000 ሬሚንግተን ለመስጠት ተስማምታ ነበርና። በመሣሪያ ረገድ ልዩነቱ ሲጠብ፣ የሰው ብዛት፣ የቦታ ዕውቀትና ወኔ ሥራቸውን ሠሩ።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በማይጨው ደግሞ ያው ውጅግራ ከአውሮፕላን፣ ከመትረየስና ከመርዝ ጋዝ ፊት ቆመ። የጠመንጃው ዓይነት ስለ በዛ ጥይቱም የዚያኑ ያህል ዓይነተ ብዙ ሆነ፤ የአንዱ ዝናር ለሌላው አይጠቅምም ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ብረቱ አልተለወጠም። በ50 ዓመት ውስጥ አገር ወረሰ፣ አገር አዳነ፣ አገር ለማዳንም ሳይበቃ ቀረ።

መ/ ማጠቃለያ

ከእ.ኤ.አ. 2019 ገደማ ወዲህ ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የተባለ የአሜሪካ አስመጪ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የተገዙ ውጅግራዎችን፣ ቬተርሊዎችንና ካርካኖዎችን ለአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢዎች ይሸጣል። ብዙዎቹ የዛጉና እንጨታቸው የተሰነጠቀ ነው። አውሮፓ እንደ ትራፊ ሸጣልን ወደ እኛ የመጣው፣ ዛሬ እንደ ቅርስ ተቆጥሮ ባሕር ይሻገራል።

ለአዛውንቱ የምንልከው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ልጆችዎም አባትዎም እውነት ተናግረዋል። በአሠራሩ ውጅግራው ደህና ዕቃ ነው፤ ጥይት ስለሌለው ግን ለሥራ ምንም አያወጣም። ጋሻ መሬት ማውጣቱም እውነት ነው፤ ያ መሬት ግን ባለቤት የነበረው መሬት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ያን ሒሳብ ቢዘጋውም ትዝታውን አልዘጋውም። ስለዚህ አይጣሉት፤ አይሽጡትም፤ ለሚመለከተው አካል አስመዝግበው ለልጅ ልጆችዎ የሁለቱንም ወገን ታሪክ ይንገሩበት።

እናንተም ጓደኞቻችን፣ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ በየቤቱ የተሰቀለውን ጠመንጃ ማኅተምና የሞዴል ዓመት መዝግቡ። ከማን እጅ ወደ ማን እንደ ተላለፈ ጠይቁ። ከዚያም ወደ ጎረቤት ተሻግራችሁ፣ አፈሙዙ ዞሮበት የነበረውን ሰው ልጆች ጠይቁ። የጠመንጃውን ሙሉ ዋጋ የምታውቁት ሁለቱን ስትደምሩ ነው።