ክረምት ሳይገባ፤ የሁለት ቀን ሥራ በቤትና በጓሮ

በአገራችን ከተሞችና የገጠር መንደሮች እጅግ ብዙ ሰው የሚኖረው በእንጨትና በጭቃ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ ይመታል፤ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ ከላይ ቆርቆሮ ወይም ሣር ይከደናል። እንዲህ ያለው ቤት ቀን ከፀሐይ፣ ሌሊት ከብርድ ይከላከላል። ዋጋውም ከብሎኬት ቤት ያነሰ ነው። በሚገባ የያዙት እንደሆነ አባት ሠርቶት ልጅ ይወርሰዋል።

ነገር ግን ጭቃ ውኃ አይችልም። በሐምሌ «የእነ እገሌ ግድግዳ ወደቀ» ሲባል ወሬው ሁሉ ስለ ዝናቡ ብርታት ነው። እውነቱን ለመናገር ግድግዳውን የጣለው የሐምሌ ዝናብ ብቻ አይደለም። ግንቦት ላይ ማንም ልብ ያላለው አንድ የቆርቆሮ ቀዳዳ፣ አንድ የተደፈነ ቦይ አለበት። ውኃው ቀስ በቀስ ከሥር እየገባ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ጭቃውን ያላላል። ከዚያ አንድ ሌሊት ይደረመሳል። ልጆች በተኙበት በኩል ከወደቀ ደግሞ ጉዳቱ የቤት ብቻ አይሆንም።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ፣ አንድ ቤተሰብ ሊሠራው ስለሚችለው ሥራ ነው። ሰንበትን የሚያከብር ሰው ሌላ ሁለት ቀን ይምረጥ፤ ሥራው ያው ነው። በሁለት ቀን ቤት አይታደስም። ኖራ መቀባቱ፣ ወለል መደልደሉ፣ በር መቀየሩ ይቆይ። የሁለቱ ቀን ሥራ ውኃው በየት እንደሚሄድ መወሰን ነው። ከግድግዳው እናርቀዋለን፤ ለጓሮው እናደርሰዋለን።

ውኃው ስንት ነው?

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ ጣራ ስፋቱ 30 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከዚህ ጣራ 600 ሊትር ውኃ ይወርዳል። ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 3 ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ቦታ በሐምሌና በነሐሴ በያንዳንዱ ወር ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። እንግዲህ ከዚህች ትንሽ ጣራ ብቻ በወር ከ30 በርሜል የማያንስ ውኃ ይመጣል። ይህ ሁሉ ግድግዳ ሥር ቢሰርግ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም።

ጭቃው ቀድሞ ይቦካል

ቅዳሜ ጧት ተነሥቶ አፈር መቆፈር የጀመረ ሰው ቀኑ ይመሽበታል። ጭቃው ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ በየቀኑ ውኃ እየጠጣ መሰንበት አለበት። ጭዱ ሲልም ጭቃው ይያያዛል፤ ሲደርቅም ብዙ አይሰነጠቅም። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ በመሆኑ ይመረጣል።

አፈሩን ከየት እናምጣ? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለውኃ መውረጃ የምንቆፍረው ቦይ ራሱ አፈር ይሰጠናል። ነገር ግን አንድ ነገር እንለይ። ከላይ ያለው አንድ ስንዝር ያህል አፈር ሥራ ሥርና ብስባሽ ያለበት ስለሆነ ለምርጊት አይሆንም። እሱ ለብቻው ተከምሮ ለጓሮው ይቀመጥ። ከሱ በታች ያለው ነው የግድግዳ አፈር።

የአፈሩን ጠባይ ለማወቅ አንድ ጠርሙስ ይበቃል። ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውኃ ሞልቶ በደንብ መነቅነቅና ማሳደር ነው። አሸዋው ከታች ይተኛል፤ ደቃቁ ሸክላ ከላይ ይሰፍራል። ሸክላው እጅግ ከበዛ ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጣጠቃልና አሸዋና ጭድ ይጨመርበት። አሸዋው ከበዛ ደግሞ አይያያዝም፤ ይራገፋል። መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ዝናብ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ ስለሆነ ለብቻው ለግድግዳ አይመከርም።

ቅዳሜ

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከግድግዳው ነው። የሚታየው እሱ ነዋ! እንግዳ ሲመጣ የሚያፍሩበትም እሱ ነው። ጣራው እያፈሰሰ ግድግዳ መምረግ ግን ድካሙም ጭዱም ከንቱ መሆን ነው። ሥራው ከላይ ወደ ታች ይሁን።

ጣራ ላይ ከመውጣት በፊት ቤት ውስጥ ገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ ወደ ላይ ማየት ይገባል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ከሆነ ፀሐይ በየቀዳዳው እንደ መርፌ ስትገባ ትታያለች። በያንዳንዱ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ወይም ስንደዶ ቢሰኩበት፣ ጣራ ላይ የወጣው ሰው ቦታውን ሳይፈልግ ያገኘዋል። ይህን ልጆች በደስታ ይሠሩታል። ትንሹን ቀዳዳ አጽድቶ፣ በደረቁ ሬንጅ መድፈን ይቻላል። ሰፋ ያለውን በቁራጭ ቆርቆሮ መጣፍ ነው። የላላ ሚስማር ካለ ይነቀልና ጎማ ባለው የቆርቆሮ ሚስማር ይተካ። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ በሸለቆው ላይ ከተመታ ውኃው የሚሄደው በዚያው ስለሆነ ማፍሰሱ አይቀርም። የወጣው ሰው ሚስማር የተመታበትን መስመር እየረገጠ ይሂድ፤ ከሥሩ እንጨት አለና። መሰላሉን የሚይዝ ሌላ ሰው ይኑር። ጧት በጊዜ ይሁን፤ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ነው። ክዳኑ ሣር ከሆነ የሳሳው ቦታ በአዲስ ሣር ይወተፍ።

ቀጥሎ ቦዩ ይመጣል። ቦይ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አይቆፈርም፤ የግድግዳውን መሠረት ያጋልጣል። የጣራው ጠፈጠፍ የሚያርፍበትን መስመር መሬት ላይ እናገኘዋለን፤ አምና የወረደው ነጠብጣብ ቀዳድቶታል። ቦዩ እዚያ መስመር ላይ ወይም ትንሽ ወጣ ብሎ ይሁን። ጥልቀቱ አንድ ክንድ ባይሞላም ይበቃል። ዋናው ነገር ዝቅታው ነው። በያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይሂድ። 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቦይ መጨረሻው ከመጀመሪያው 12 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ውኃ ልክ የሌለው ሰው አንድ ባልዲ ውኃ አፍስሶ ይመልከት፤ ውኃው ቆሞ ከቀረ ቦዩ ልክ አይደለም። የቆመ ውኃ በቆላማ አገር የወባ ትንኝ መራቢያም ይሆናል። በግድግዳውና በቦዩ መካከል ያለው መሬት ደግሞ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ይደልደል፤ ጠጠር ቢነጠፍበት ነጠብጣቡ ጭቃ ወደ ግድግዳው አይረጭም።

ቦዩ ወዴት ይውጣ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ጎረቤት የሚጣላው። ውኃን ከራስ ግቢ ወደ ሌላ ሰው ግቢ መግፋት ቤት መጠገን አይባልም። ዶማ ከማንሣት በፊት ሄዶ መነጋገር ይሻላል፦

«እትዬ፣ የኛ ቦይ በዚህ በታች በኩል ቢወጣ ምን ይመስልዎታል?»

«ልጄ፣ አምና በዚያ በኩል የመጣው ውኃ ማድቤቴን ሊያፈርስብኝ ነበር። ከአጥሩ ጥግ ጥግ አድርጋችሁ ወደ መንገዱ ቦይ ብታወጡት ግን እኔም የኔን እጨምርበታለሁ።»

ሁለት ቤት በአንድ ቦይ ከተስማማ ቁፋሮውም በወንፈል ይሆናል። ቡናው ይፈላል፤ ቆሎው ይቀርባል፤ ሥራው ያልቃል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ግድግዳው እንምጣ። ምርጊቱን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ማድረግ ነው። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ጭቃው ከማገሩ ተለያይቷል፤ ዛሬ ባይወድቅም ይወድቃል። እሱን አራግፎ እንጨቱን ማየት ያስፈልጋል። የበሰበሰ ወይም ምስጥ የበላው ማገር ይለወጥ። ቋሚው ከሥሩ ከተበላ የሚያውቅ ሰው ይጠራ፤ ይህ የሁለት ቀን ሥራ አይደለም። ከዚያ ቦታው ውኃ ይረጭበታል። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውኃ መጥጦ ስለሚያላቅቀው ነው። ጭቃው በኃይል እየተወረወረ ይመረጋል፤ ላዩ ሻካራ ሆኖ ይተዋል። ልስኑ የሚደረገው ምርጊቱ ደርቆ ስንጥቁን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። በግድግዳው ላይ የመብራት ሽቦ ካለ ውኃ ከመረጨቱ በፊት ቆጣሪው ላይ ይጥፋ።

አንዳንድ ሰው «ሲሚንቶ ይሻላል» ብሎ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ይለስናል። መልኩ ያምራል፤ ገንዘቡም ብዙ ነው። ነገር ግን ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ አይከተለውም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃ ደግሞ መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ እንጨቱን ይበላል። ባለቤቱ ያን የሚያውቀው ግድግዳው ሆዱን ሲነፋ ነው። ለጭቃ ቤት የሚስማማው ልስን ከደቃቅ ጭድና ከእበት ጋር የታሸ ጭቃ ነው፤ በየዓመቱ ቢታደስ ወጪው የጉልበት ብቻ ነው።

እሑድ

አሁን ውኃው የሚደርስበትን ቦታ እናዘጋጅ። የጓሮ አትክልት መደብ ከግድግዳው ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። ዱባ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ደስ ይላል፤ ቅጠሉ ግን ግድግዳውን ፀሐይና ነፋስ ይከለክለዋል፤ ሁልጊዜ እርጥብ ያደርገዋል። ዱባው አጥር ላይ ይውጣ።

በበጋ ውኃ እንዲይዝ ዝቅ ያለ መደብ ይሠራል። በክረምት ግን ተቃራኒው ነው፤ ሥር እንዳይበሰብስ መደቡ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል። ትናንት ለብቻው የከመርነው የላይኛው አፈር ሥራው ይሄ ነው። የመደቡ ወርድ ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ ከግራም ከቀኝም ሳይረግጡት እጅ ይደርስበታል። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ይቀላቀልበት። ትኩስ እበት ችግኝ ያቃጥላል።

ምን ይተከል? ቦታ ጠባብ ከሆነ መጀመሪያ ጎመን ነው። ችግኙ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ፀሐይ በረድ ሲል ማታ ላይ ይተከል። ዛሬ የተተከለ ጎመን ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ይቀነጠሳል፤ ሥሩ ካልተነቀለ ደጋግሞ ይሰጣል። ነሐሴ ደግሞ በብዙ ቤት የአምናው እህል ተሟጥጦ የዘንድሮው ያልደረሰበት ወር ነው። በመስቀል ሰሞን «ጎመን ውጣ፣ ገንፎ ግባ» የሚባለው ክረምቱን ያሻገረው ጎመን ስለሆነ ነው፤ ገንፎ ሲመጣ ጎመንን መስደባችን ውለታ መርሳት ይመስለኛል! ለልጆች ዓይን የሚጠቅመው ቪታሚን ኤ በጎመንና በካሮት ይገኛል። ካሮት ተነቅሎ አይተከልም፤ ዘሩ እዚያው መደቡ ላይ ይዘራል። ሽንኩርትና ቲማቲም በክረምት እርጥበት በሽታ ስለሚያጠቃቸው ለበጋ ቢቆዩ ይሻላል። ዶሮ ያለው ሰው ደግሞ ከመትከሉ በፊት ይጠር፤ ዶሮ የአንድን ቀን ድካም በአንድ ሰዓት ትጭረዋለች።

የጣራውን ውኃ ለመያዝ አሸንዳ ያስፈልጋል። መግዛት ካልተቻለ ለሁለት የተሰነጠቀ ቀርከሃ ያገለግላል። በሰኔ ዝናቡ ጀምሮ ለሳምንት የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ችግኙን የሚያድነው በርሜሉ ነው። በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ ሕፃን እንዳይገባበት፣ ትንኝም እንዳይራባበት። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ለአትክልት እንጂ ለሌላ አይውልም። ሲሞላ የሚተርፈው ውኃ ወደ ቦዩ እንዲገባ ይደረግ፤ ይህ ከተረሳ በርሜሉ ራሱ ግድግዳውን ያርሰዋል።

የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ሲመጣ ከቤተሰቡ አንዱ ጆንያ ደርቦ ይውጣና ቤቱን አንድ ጊዜ ይዙር። ውኃ የቆመበትን፣ ቦዩ የሞላበትን፣ ጠፈጠፉ ግድግዳውን የሚመታበትን ቦታ በእንጨት ምልክት ያድርግበት። ዝናቡ ካባራ በኋላ ውኃው ስለሚሰርግ ቦታው አይታወቅም። በማግስቱ ጧት፣ መሬቱ ገና ርጥብ ሳለ፣ ምልክቱ ያለበት በዶማ ይስተካከል።