ምክንያትንና ውጤትን በአንቀጽ ማያያዝ

ተማሪዎች! ምክንያትና ውጤት ካልተያያዙ፣ የአንድ አንቀጽ ዓረፍተ ነገሮች ማሰሪያ እንደሌለው ነዶ ይበታተናሉ። ቀጥሎ የቀረበውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

በሰሜን አሜሪካ በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ የጸደይ መግቢያ የሚታመን ወቅት አይደለም። ከሰሜን የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ከእርሱ ይልቅ ሙቀት ባለው የሐይቅ ውሃ ላይ ሲያልፍ እርጥበት ይሸከማል፤ ስለዚህ በማዶው የብስ ላይ እንደ ባዘቶ የነጣ አመዳይ ይወርዳል። ብርዱ ሲላላ ደግሞ በወንዞቹ ላይ የረጋው በረዶ ስለሚሰባበር፣ ስብርባሪው በጠባብ ስፍራ ተከማችቶ ውሃውን ይገድባል፤ በመሆኑም ከግድቡ በላይ ያለው ምድር በጎርፍ ይጥለቀለቃል። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1848 ሌሊት በነፋስ የተገፋው የኤሪ ሐይቅ በረዶ የናያግራን ወንዝ መነሻ ስለዘጋው ፏፏቴው ጸጥ አለ። ሰዎችም በደረቀው የወንዙ ወለል ላይ ተራመዱ። ሆኖም ማርች 31 ሌሊት የበረዶው ግድብ በመፍረሱ፣ ታግዶ የነበረው ውሃ እያገሣ ተመለሰ።

አስተውሉ! «ስለ» ከግሥ ጋር ሲጣመር ምክንያትን ይገልጻል፤ «ስለዚህ» እና «በመሆኑም» ውጤትን ያስከትላሉ፤ «ሆኖም» ግን ያልተጠበቀን ነገር ያመጣል። እስኪ «ሆኖም» የሚለውን መስተጻምር አውጥታችሁ አንቀጹን እንደገና አንብቡት። ጸጥታው የደኅንነት ምልክት እንዳልነበረ የሚያስጠነቅቀው ቃል ይጠፋል።

መልመጃ፦ በአካባቢያችሁ ወንዝ ሲሞላ ያያችሁትን፣ መነሻውንና ያስከተለውን ጉዳት በአንድ አንቀጽ ግለጹ። ከላይ የተጠቀሱትን አያያዥ ቃላት እያንዳንዳቸውን ቢያንስ አንድ ጊዜ ተጠቀሙባቸው።