የሠዓሊዋ ቤትና የወላጆቻችን ዕቃ



በቅርስ ክፍላችን ዘንድሮ የተማርነው ስለ ዕቃ ነው። ሰው የሚሰበስበው ዕቃ ለሥዕል እንዴት መነሻ ይሆናል? ዕቃውን ጥሎ የመጣ ሰውስ ምን ይዞ ይቀራል? ይህን ለመረዳት በኢየሩሳሌም ከተማ የሚቀራረቡ ሁለት ቦታዎችን አጥንተናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የኢትዮጵያ መንገድ

ይህ ጠባብ መንገድ ከነቢያት መንገድ ይገነጠላል። ስሙን ያገኘው ክብ ሆኖ ከተሠራው ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሥራው በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 ተፈጸመ። ነገሥታቱና መኳንንቱ በአካባቢው ቤቶች አሠርተው ኪራዩ ለመነኮሳቱ መተዳደሪያ እንዲሆን አድርገዋል። ዕብራይስጥ ተመልሶ የቤትና የገበያ መነጋገሪያ እንዲሆን የደከሙት ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳም በዚሁ መንገድ ኖረዋል። በቤታቸው ልጆቻቸውን በዕብራይስጥ ብቻ ነበር የሚያናግሩት።

የቲኮ ቤት

ከዚያ ጥቂት በእግር ሲሄዱ የሠዓሊዋ የወይዘሮ አና ቲኮ ቤት ይገኛል። ወይዘሮ አና በ1894 በሞራቪያ ተወለዱ፤ በቪየና ሥዕል ተማሩ፤ በ1912 ወደ ኢየሩሳሌም መጡ። ባለቤታቸው ዶክተር አብርሃም ቲኮ የዓይን ሐኪም ነበሩ። በ1924 ቤቱን ገዝተው ከታች ክሊኒክ ከፈቱ፤ ከላይ ኖሩበት። በዚያ ዘመን ትራኮማ የብዙ ሰው ዓይን ያጠፋ ነበር። አይሁድም ዓረቦችም እዚያ ይታከሙ ነበር፤ ወይዘሮ አናም ባላቸውን ያግዙ ነበር።

ዶክተሩ ከልዩ ልዩ አገር የሐኑካ መብራት ይሰበስቡ ነበር። በዓሉ አንድ፣ መብራቱ ስምንት ቢሆንም እያንዳንዱ አገር በራሱ እጅና በራሱ ጌጥ ሠርቶታል። ወይዘሮ አና ደግሞ የሚሥሉት ኮረብታውን፣ ድንጋዩን፣ የወይራውን ዛፍና የደረቀውን እሾህ ነበር። በእርጅናቸው ግን ወደ ኮረብታው መውጣት ትተው በሥዕል ክፍላቸው ተቀምጠው፣ ዓይናቸው ያጠራቀመውን በከሰልና በፓስቴል ይሥሉ ነበር። በ1980 ሲያርፉ ቤቱንና የተሰበሰበውን ሁሉ ለሕዝብ አወረሱ፤ ከ1984 ጀምሮ ቤቱ በእስራኤል ሙዚየም ሥር ለጎብኚ ክፍት ሆኗል።

ለእኛ የሚሰጠን ትምህርት

በኢትዮጵያ በቤተ እስራኤል ቤት የሐኑካ መብራት አልነበረም። ሃይማኖታችን በኦሪት ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ኋላ የመጣው በዓል እኛ ዘንድ አልደረሰም። የነበረው ሌላ ነው፤ በወስፌና በአክርማ የተሰፋ መሶብ፣ ጎንደር አጠገብ በወለቃ እናቶች የሠሩት ሸክላ፣ በብራና ላይ በግዕዝ የተጻፈ ኦሪት።

በ1984 በሱዳን በኩል በእግሩ የመጣ ሰው ጋን ተሸክሞ በረሃ ሊሻገር አይችልም ነበር። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን፣ 36 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከ14,000 የሚበልጥ ሕዝብ ሲመጣም ሻንጣ ይዞ የተሳፈረ የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ቤት በመስታወት ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ የለም። ያለው በእናንተ እጅና ልብ ነው። መሶቡን የሰፋችው አያት ስታልፍ የስፌቱ ስም፣ የቀለሙ አሠራርና የተማረችበት መንደር አብረው ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ከገበያ የተገዛ መሶብ ቢኖረንም ታሪኩን የሚነግረን አይኖርም።

ወይዘሮ አና በክፍላቸው ሆነው ከትዝታቸው እንደሣሉ፣ እኛም ከእናንተ ትዝታ ለመሣል ተነስተናል። ስለዚህ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከልጆቻችሁ ጋር እንድትነጋገሩባቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።

1. በቤታችሁ የነበረ አንድ ዕቃ ስሙ ማን ይባላል? ከምን ተሠራ?
2. ማን ሠራው? ሥራውንስ ከማን ተማረ?
3. ጥላችሁት ከመጣችሁት ዕቃ ውስጥ እንድንሥልላችሁ የምትፈልጉት የትኛውን ነው?

ልጆቻችሁ መልሱን በአማርኛ ይጽፋሉ፤ በክፍል ውስጥም ሥዕሉን እንሠራለን። ሥዕሉ ሲያልቅ መጥታችሁ እንድታዩትና የጎደለውን እንድታሳዩን እንለምናለን።