ወደ ዋሻና በረሃ ለምትወጪው ልጄ

ልጄ፣ የአርኪዮሎጂ ትምህርትሽን ጨርሰሽ ከድሬዳዋ ወደ መስክ ልትወጪ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ቁፋሮውንና ልኬቱን መምህሮችሽ አስተምረውሻል። እኔ የምመክርሽ ጭር ያለ ቦታ በሰው ዓይን፣ ጆሮና የጊዜ ግምት ላይ ስለሚያደርሰው ነገር ነው። እዚያ ስትደርሺ ከስሜትሽ ይልቅ መዝገብሽን እመኚ።

1. በደብዛዛ ብርሃን በቀለም ላይ አትፍረጂ። ከከተማችን በስተደቡብ ከደቻቱ ወንዝ በላይ ያለውን ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ1929 ቴያር ደ ሻርዳንና አንሪ ደ ሞንፍሬድ ለጥናት ያስተዋወቁት ነው። ከዚያ 40 ኪሎ ግራም ያህል ኦከር፣ ማለትም ጥንታውያን ለቀለም የፈጩት፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ የሆነ የማዕድን አፈር፣ ተገኝቷል። ብርሃን ሲያንስ ደግሞ ቀድሞ የሚጠቁረው ቀይ ቀለም ነው። ስለዚህ ናሙናውን ወደ ውጭ አውጪና በቀን ብርሃን ከቀለም ሰንጠረዡ ጋር አስተያዪ። ከፀሐይ ወደ ዋሻ ስትገቢም ዓይንሽ ጨለማውን በሚገባ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል አትቸኩዪ።

2. ሥዕል ያየሽ ሲመስልሽ መብራቱን አዛውሪ። እንደ ለገ ኦዳ ያሉት የዋሻ ሥዕሎች የከብትና የአራዊት ምስል አላቸው፤ እነሱን ያየ ዓይን በየስንጥቁ ቀንድ መፈለግ ይጀምራል። ጥላ ከሆነ ከመብራቱ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ ቀለም ከሆነ ከቦታው አይነቃነቅም። ከዚያም ያልነገርሽው ጓደኛሽ ምን እንደሚያይ ጠይቂው።

3. በድቅድቅ ጨለማ ብቻሽን አትቆዪ። ምንም ብርሃን በሌለበት እጅሽን ከፊትሽ ስታወዛውዢ ያየሽው ሊመስልሽ ይችላል፤ አእምሮሽ እጅሽ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ምስሉን ራሱ ይሠራዋል። መለዋወጫ መብራት ሳትይዢ አትግቢ።

4. ጊዜን በግምት አትያዢ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሲፍር እ.ኤ.አ. በ1962 ሰዓት ሳይዝ ሁለት ወር ያህል ከመሬት በታች ቆየ። ሴፕቴምበር 14 ቀን ጊዜው ማለቁ ሲነገረው በእሱ ቆጠራ ገና ኦገስት 20 ነበር። በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ ሰዓቱን ጻፊ፤ የምትመለሺበትንም ሰዓት ውጭ ላለ ሰው ንገሪ።

5. በቆላ ሙቀት ጓደኛሽን ጠብቂ፣ እሱም ይጠብቅሽ። ሙቀትና ጥማት ማስተዋልን ያደክማሉ፤ ግራ የተጋባ ሰው ደግሞ ግራ መጋባቱን አያውቅም። ንግግሩ ከተወላገደ ወይም እግሩ ከተደናቀፈ ሥራውን አቁሙ፤ ጥላ ፈልጉ፣ አቀዝቅዙት፣ እርዳታ ጥሩ። በሩቅ ውሃ መስሎ የሚያብረቀርቀው የጋለ አየር ያጎበጠው የሰማይ ብርሃን ሊሆን ስለሚችል ወደ እሱ ብለሽ መንገድሽን አትቀይሪ።

6. ደረቅ አሸዋ አያታልልሽ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ወገኖቻችንን ወስዷል። ከራስሽ በላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በሐረር በኩል ባለው ደጋ ዝናብ ሊወርድ ይችላል። በወንዝ አሸዋ ላይ ድንኳን አትትከዪ።

7. የአገሬውን ቃል አትናቂ። እረኛው «ያ ዋሻ ጅኒ አለበት» ቢልሽ አትሳቂበት፤ ማን ምን እንደገጠመው በአክብሮት ጠይቂው። ከወሬው ጀርባ እባብ፣ ጅብ ወይም የታፈነ አየር ሊኖር ይችላል።

8. የተሰማሽን አትደብቂ። እ.ኤ.አ. በ1916 የዋልታ አሳሹ ሻክልተን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በበረዶ የተሸፈነችውን የደቡብ ጆርጂያ ደሴት ሲያቋርጥ አራተኛ ሰው አብሯቸው ያለ ይመስላቸው ነበር። ድካምና ብቸኝነት ጠንካራውንም እንዲህ ያደርጉታል። ድምፅ ከሰማሽ ወይም ከኋላሽ ሰው ያለ ከመሰለሽ ለቡድን መሪሽ ንገሪ፣ ውሃ ጠጪ፣ እረፊ።

9. ማስታወሻሽን ለሁለት ክፈዪ። በአንደኛው ወገን የለካሽውን፣ በሌላው የመሰለሽን ጻፊ፤ ሁለቱን ፈጽሞ አታቀላቅዪ። ከአንቺ በኋላ ያንን ዋሻ የሚያጠና ልጅ የሚያምነው የመጀመሪያውን ነው፤ ስለዚህ እሱን በታማኝነት ሙዪለት።