ቬራ ሜንቺክ፦ ከወንዶች ፊት ለፊት የተቀመጠችው የቼዝ ተጫዋች

የተወለድኩት አርሲ፣ ጢቾ ነው። እኛ ዘንድ የሴት ስፖርተኛ ስም ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰን ሩጫ ነው። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ካመጣች ወዲህ ሴት ልጅ ልሩጥ ብትል ብዙም አይገርምም። ቼዝ ልጫወት ስትል ግን ነገሩ ሌላ ነው። እኔ የተማርኩት ወንድሜ በካርቶን ላይ ባሠመረው ሰሌዳ ነው። አምና በአንድ የተማሪዎች ውድድር ላይ ሦስቴ ተከታትዬ ስሸነፍ «ድሮስ ይሄ የሴት ጨዋታ ነው እንዴ?» ተባልኩ። ትቼው ወጣሁ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቬራ ሜንቺክ በ1906 ሞስኮ ውስጥ ከቼክ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት ተወለደች። በዘጠኝ ዓመቷ ቼዝ ያስተማራት አባቷ ነው። በ1921 ከእናቷና ከእህቷ ጋር ሄስቲንግስ ወደተባለች የእንግሊዝ ከተማ ሄደች። የምታውቀው ሩሲያኛ ስለነበር የከተማው ቼዝ ክለብ ለመግባት አመነታች፤ የገባችው በ1923 ነው። እኔም ከጢቾ መጥቼ አማርኛው እየከበደኝ ክፍል ውስጥ ዝም ብዬ ስለከረምኩ ይቺ ነገር ቶሎ ገባችኝ። በኋላ ሃንጋሪያዊው ጌዛ ማሮትሲ አሠለጠናት።

በ1927 ለንደን ላይ የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድ አሸናፊዋ እሷ ሆነች። በ1930፣ 1931፣ 1933፣ 1935፣ 1937 እና 1939ም ደገመችው፤ አብዛኛውን በቼኮዝሎቫኪያ ስም ነበር። በእነዚህ ሰባት ውድድሮች ካደረገቻቸው 83 ጨዋታዎች 78ቱን አሸንፋ፣ በ4ቱ እኩል ወጥታ፣ የተሸነፈችው በ1 ብቻ ነው።

ዋናው ፈተና ግን ከወንዶች ጋር ነበር። በ1929 በቼኮዝሎቫኪያዋ ካርልስባድ ከ22 ተወዳዳሪዎች ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ኦስትሪያዊው አልበርት ቤከር «በእሷ የተሸነፈ ሁሉ የቬራ ሜንቺክ ክለብ አባል ይሁን» ብሎ ቀለደ። የመጀመሪያው አባልም ራሱ ሆነ! ይህችን ቀልድ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ፦ ቬራ ያን ውድድር የጨረሰችው ከ21 ጨዋታ 3 ነጥብ ብቻ ይዛ፣ መጨረሻ ሆና ነው። ታዲያ ወደ ቤቷ ገብታ ቀረች? አልቀረችም። ከዚያ በኋላ ሄስቲንግስ ላይ ማክስ ኦይቬን ሁለት ጊዜ አሸነፈችው። ኦይቬ በ1935 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሰው ነው።

በሰኔ 1944 ለንደን ላይ የወደቀ የጀርመን በራሪ ቦምብ ከእናቷና ከእህቷ ጋር ገደላት። ዕድሜዋ 38 ነበር። ዛሬ በሴቶች የቼዝ ኦሊምፒያድ ለአሸናፊው ቡድን የሚሰጠው ዋንጫ በስሟ ይጠራል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ካርልስባድ ላይ ወንዶችም ብዙ ጨዋታ ተሸንፈዋል። ነገር ግን ወንድ ሲሸነፍ «እገሌ ተሸነፈ» ይባላል፤ አንዲት ሴት ሲሸነፍባት የሁሉም ሴት ሽንፈት ይደረጋል። አንድ ብቻዋን ስትቀመጥ ይህ ሸክም ይከብዳል፤ ብዙ ስንሆን ግን ይቀላል። ስለዚህ የክፍላችን ሴቶች፣ እኔ ወደ ሰሌዳው ተመልሻለሁ። መጥታችሁ አሸንፉኝ።