ዞረ ድምር በሥራ ገበታ፦ አልኮል ከደም ከወጣ በኋላ የሚቀር የብቃት ጉድለት

1. መግቢያ

አልኮልንና ሥራን የሚመለከት ውይይት በአብዛኛው በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፤ ሠራተኛው በሥራ ሰዓት ሰክሯል ወይስ አልሰከረም? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሌላ ሁኔታን ከዕይታ ውጭ ያደርጋል። ይኸውም ትናንት ማታ የጠጣ፣ ዛሬ ጠዋት ግን ያልሰከረ፣ ሆኖም ለሥራው ብቁ ያልሆነ ሠራተኛ ሁኔታ ነው። የአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ይህን ሁኔታ «ዞረ ድምር» ይለዋል። ቃሉ በሒሳብ አያያዝ ካለፈው ዞሮ የመጣን ድምር የሚያመለክት በመሆኑ የነገሩን ባሕርይ በሚገባ ይገልጻል፤ የማታው ወጪ በማግስቱ መዝገብ ላይ ይቀመጣልና።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። ዞረ ድምር በሥራ ቦታ ሊታይ የሚገባው እንደ ቀላል ስካር ወይም እንደ ተራ ድካም ሳይሆን ራሱን የቻለ የብቃት ጉድለት ሆኖ ነው። ይህን ለማሳየት በቅድሚያ የዞረ ድምር አካላዊ መነሻ፣ ቀጥሎ በሥራ አቅም ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና ልማዳዊ ማብረጃዎቹ፣ በመጨረሻም የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለጉዳዩ የሚሰጠው ቦታ ይመረመራሉ።

2. የዞረ ድምር መነሻ

ጉበት አልኮልን በሁለት ደረጃ ይፈጫል። በመጀመሪያው ደረጃ አልኮሉ አሴታልዲሃይድ ወደተባለ መርዛማ ውሁድ ይለወጣል፤ በሁለተኛው ይህ ውሁድ ጉዳት ወደማያደርስ አሴቴት ይቀየራል። ይሁን እንጂ ዞረ ድምር በአሴታልዲሃይድ ብቻ አይገለጽም። አልኮል በሰውነት ውስጥ ውኃ እንዲቆይ የሚያደርገውን ሆርሞን ስለሚገታ ሽንት ይበዛል፤ ጥማትና የአፍ መድረቅ ይከተላል። የጨጓራ ግድግዳ ይቆጣል፤ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓትም ከሕመም ጊዜ ጋር የሚመሳሰል የብግነት ምላሽ ያሳያል። እንቅልፍን በተመለከተ አልኮል ቶሎ ቢያስተኛም የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል። ስለዚህ ስምንት ሰዓት የተኛ ሰው እንኳ በቂ ዕረፍት ሳያገኝ ይነሣል።

የመጠጡ ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። አንዳንድ መጠጦች በመፍላት ሂደት የሚፈጠሩ እንደ ሜታኖል ያሉ ተጓዳኝ ውሁዶችን በብዛት ይይዛሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቦርበን ውስኪንና ቮድካን በማነጻጸር የታተመ ጥናት ተጓዳኝ ውሁዶች የበዙበት ቦርበን የከፋ የሕመም ስሜት እንደሚያስከትል አሳይቷል። በሥራ ብቃት መለኪያዎች ላይ ግን በሁለቱ መጠጦች መካከል ልዩነት አልታየም። ይህ ውጤት ለሥራ ቦታ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ሠራተኛው የሚሰማው የሕመም ስሜት የብቃቱ ታማኝ መለኪያ አይደለም ማለት ነውና። በኢትዮጵያ ደግሞ ጠላ፣ ጠጅና አረቄ በየቤቱ የሚዘጋጁ ስለሆኑ የአልኮል መጠናቸው ከቤት ቤት ይለያያል። ጠጪው የብርሌውን ቁጥር ቢያስታውስም ምን ያህል አልኮል እንደወሰደ በእርግጠኝነት ማስላት አይችልም።

3. የሰዓቱ ስሌት

አንድ አዋቂ ሰው በአማካይ በሰዓት ከ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 15 ሚሊ ግራም ያህል አልኮል ያስወግዳል። ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወርም ሆነ ላብ ይህን ፍጥነት አይጨምሩም። ለምሳሌ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መጠጡን ሲያቆም በ100 ሚሊ ሊትር ደሙ 150 ሚሊ ግራም አልኮል የተገኘበትን ሠራተኛ እንውሰድ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሥራ ሲገባ 30 ሚሊ ግራም ያህል ይቀረዋል፤ ዜሮ የሚደርሰው 4 ሰዓት ገደማ ነው።

ዞረ ድምር የሚበረታው ደግሞ በደም ውስጥ ያለው አልኮል ወደ ዜሮ ሲቃረብ ነው። ስለሆነም ይህ ሠራተኛ በበር ላይ «ደህና ነኝ» ሲል ላይዋሽ ይችላል፤ የሚከፋበት ከገባ በኋላ፣ ማሽኑ ወይም መሪው በእጁ ሳለ ነው። የትንፋሽ መመርመሪያ መሣሪያም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢይዘው 4 ሰዓት ላይ ነፃ ያደርገዋል። መሣሪያው የሚለካው አልኮልን እንጂ ብቃትን ባለመሆኑ፣ ሰውየው በከፋ ሁኔታ ላይ ባለበት ሰዓት ንጹሕ ነው የሚል ውጤት ይሰጣል።

4. በሥራ አቅም ላይ የሚደርስ ጉዳት

ጉዳቱ የግምት ጉዳይ አይደለም። በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪዎች አልኮል ከጠጡ ከ14 ሰዓታት በኋላ በበረራ ማስመሰያ ላይ ያሳዩትን ብቃት ለክቷል። በደማቸው አልኮል ባይኖርም የበረራ ብቃታቸው ካልጠጡበት ቀን ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የአሜሪካ የበረራ ደንብ በመጠጥና በበረራ መካከል የሚጠይቀው ዝቅተኛ ጊዜ 8 ሰዓት መሆኑ ሲታሰብ፣ ደንብን ማክበርና ብቁ መሆን ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ይታያል።

በ2018 እ.ኤ.አ. የቀደሙ ጥናቶችን ውጤት አጠቃሎ የመረመረ ሥራም ዞረ ድምር ትኩረትን አጽንቶ መያዝን፣ የማስታወስ ችሎታን፣ የምላሽ ፍጥነትንና መኪና ማሽከርከርን እንደሚጎዳ አመልክቷል። ከእነዚህ ሁሉ ለሥራ ቦታ አሳሳቢው የትኩረት መድከም ነው። ከባድና አዲስ ሥራ ሰውን ያነቃዋል፤ ተደጋጋሚና አሰልቺ የሆነው ሥራ ግን ትኩረቱ የላላውን ሰው ያጋልጠዋል። የመድኃኒት መጠን የምትለካ ነርስ፣ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሾፌር፣ በሕንፃ መወጣጫ ላይ የቆመ የግንባታ ሠራተኛና የገንዘብ ቁጥር የሚመዘግብ ሒሳብ ሠራተኛ የሚጋሩት አደጋ ይኸው ነው።

5. ልማዳዊ ማብረጃዎች

በ2005 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ አጠቃላይ ግምገማ ዞረ ድምርን እንደሚከላከል ወይም እንደሚያድን አሳማኝ ማስረጃ የቀረበለት መድኃኒት እንደሌለ ደምድሟል። ይህ ማለት ግን ሁሉም ልማድ እኩል ነው ማለት አይደለም። ውኃ፣ ትኩስ ሾርባና ቀለል ያለ ምግብ የጠፋውን ፈሳሽና ጨው በመተካት ጥማትንና ድካምን ያቃልላሉ፤ ትኩረትን ግን አይመልሱም። ቡና እንቅልፍን ያባርራል፤ ነገር ግን የነቃ መምሰልና ብቁ መሆን የተለያዩ ናቸው።

ሦስት ልማዶች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ሌላ መጠጥ በመጨመር ሕመሙን ማብረድ ነው። አዲሱ አልኮል ሜታኖል ወደ መርዛማ ውሁዶች የሚለወጥበትን ሂደት ስለሚያዘገይ ለጊዜው ዕፎይታ ሊሰጥ ይችላል፤ ዕዳውን ግን ወደ ከሰዓት ያሸጋግረዋል፤ ለሱስም መንገድ ይከፍታል። ሁለተኛው የራስ ምታት ክኒን ነው። ፓራሲታሞል አዘውትሮ በብዛት ለሚጠጣ ሰው ጉበት፣ አስፕሪን ደግሞ ለተቆጣ ጨጓራ አደጋ አላቸው። ሦስተኛው ጫት ነው። ጫት ድካምን ይሸፍናል፤ ምርቃናውን ለማብረድ ወደ መጠጥ የሚኬድበት «ጨብሲ» ደግሞ የማታውን ዑደት እንደገና ያስጀምራል።

6. ሕጉና ክፍተቱ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጉዳዩ ጋር የሚገናኙ ሦስት ዓይነት ድንጋጌዎች አሉት። ሠራተኛው በአካልም በአእምሮም ብቁ ሆኖ በሥራ ላይ እንዲገኝ ግዴታ ይጥላል። አልኮል በመጠጣት በሥራ ቦታ የአካልና የአእምሮ ሁኔታን ማጉደልን ይከለክላል። በስካር ምክንያት ሰውነቱን ወይም አእምሮውን መቆጣጠር በማይችልበት ሁኔታ ሥራ ላይ ተገኝቶ የሚደርስ ጉዳትን ደግሞ ሠራተኛው ሆን ብሎ እንዳደረሰው በመቁጠር አሠሪውን ከኃላፊነት ነፃ ያደርጋል።

ዞረ ድምር ያለበት ሠራተኛ በእነዚህ መካከል ይወድቃል። ስካር የለበትምና ሦስተኛው ድንጋጌ በቀጥታ አይመለከተውም፤ የብቃት ግዴታውን ግን አላሟላም። በተግባር የዚህ ክፍተት ዋጋ ከባድ ነው። እውነቱን የተናገረ ሠራተኛ በክልከላው መሠረት ቅጣት ሊፈራ ይችላል፤ የደበቀው ደግሞ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። ጉዳት ቢደርስ ክርክሩ «ሰክሮ ነበር ወይስ አልነበረም» ወደሚል ይዞራል፤ የካሳ መብቱም በዚህ መልስ ላይ ይንጠለጠላል። እውነትን ከመደበቅ የበለጠ የሚቀጣ አሠራር ደግሞ ሠራተኛውን መደበቅን ያስተምረዋል።

7. የመፍትሔ አቅጣጫዎች

የዓለም የሥራ ድርጅት ባለሙያዎች ጉባኤ በ1995 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የአሠራር መመሪያ የአልኮል ችግር እንደ ሌሎች የጤና ችግሮች እንዲታይና ምስጢራዊነቱ እንዲጠበቅ ይመክራል። ከዚህ መርሕ በመነሣት ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ የድርጅቶች የውስጥ ደንብ ስካርንና ለሥራ ብቁ አለመሆንን ለይቶ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ለሕይወት አደገኛ በሆኑ ሥራዎች ላይ ሠራተኛው ምክንያቱን ሳይዘረዝር «ዛሬ ለዚህ ሥራ ብቁ አይደለሁም» ብሎ ለአንድ ቀን አደጋ ወደሌለው ሥራ የሚዛወርበት፣ ወይም ቀኑን ከዓመት ፈቃዱ የሚያስቀንስበት ሥርዓት ቢኖር አደጋን ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ መደጋገሙ ሲታይ ጉዳዩ ከቅጣት በፊት ወደ ምክርና ሕክምና መመራት አለበት።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ እንዲህ ያለው ሥርዓት ግድየለሽነትን ይሸልማል የሚል ነው። ተቃውሞው ሚዛን አለው፤ በፈቃዱ የጠጣ ሰው ሸክም በሥራ ባልደረቦቹ ላይ ሊወድቅ አይገባምና። ሆኖም ዝውውሩ ከተመዘገበ፣ ቀኑ ከራሱ ፈቃድ ከተቀነሰና ድግግሞሹ ከታየ ዋጋውን የሚከፍለው ራሱ ጠጪው ነው። ያለዚህ ሥርዓት ግን ዋጋውን የሚከፍሉት በሽተኛዋ፣ ተሳፋሪውና ከመወጣጫው ሥር የሚያልፈው ሰው ናቸው።

8. ማጠቃለያ

ዞረ ድምር አልኮል ከደም ከወጣ በኋላ የሚቀጥል፣ በስሜት የማይለካ፣ በትንፋሽ መሣሪያ የማይያዝና አስተማማኝ መድኃኒት ያልተገኘለት የብቃት ጉድለት ነው። እርግጠኛው መድኃኒት ማታ መጠኑን መቀነስ፣ ያ ካልሆነም ጊዜ መስጠት ብቻ ነው። ስለዚህ በሥራ ቦታ ሊጠየቅ የሚገባው ሠራተኛው መስከሩ ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ በእጁ ለተሰጠው ሥራ ብቁ መሆኑም ጭምር ነው።