የአድዋ ሥዕል እንዴት ይነበባል?

በባህላዊው አሣሣል የተሠሩ የአድዋ ጦርነት ሥዕሎችን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የኢትዮጵያ አርበኞች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይናቸው በሚታይበት ሙሉ ፊት ይሣላሉ። የኢጣሊያ ወታደሮች ግን በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ሠዓሊው ይህን የሚያደርገው አስቦበት ነው።

ልማዱ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ቅዱሳን በሙሉ ፊት ይሣላሉ፤ ይሁዳ፣ ክርስቶስን የሚገርፉ ወታደሮችና ሰይጣን ደግሞ በጎን። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ጻድቁን ከኃጥኡ በዓይን ይለያል። የአድዋን ሥዕል የጀመሩት በዚሁ ሙያ ያደጉ ሠዓሊዎች ስለነበሩ ሕጉን ይዘው ጦር ሜዳ ገቡ። ወራሪው በሸራው ላይ ከጠላትነት አልፎ ኃጢአተኛ ሆነ፤ የፖለቲካ ጠብ የነበረው የሃይማኖት ፍርድ ተሰጠበት።

ከዓይን ቀጥሎ የሚናገረው ቦታ ነው። በብዙዎቹ ሥዕሎች ዐፄ ምኒልክ ዘውድ ደፍተው ከጥላ ሥር ይታያሉ። እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ተቀምጠው ከጦሩ መካከል ናቸው፤ አንዳንዴም ሽጉጥ ይዘዋል። ሠዓሊው እቴጌይቱን ከአዋጊዎቹ እንጂ ከአጃቢዎቹ አልቆጠራቸውም። ከሁሉ በላይ፣ ከሰማይ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ይዋጋል። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በወርኃዊ በዓሉ ዕለት ስለዋለ፣ ድሉ ከሰማይ የተሰጠ መሆኑን ለማስረዳት ሠዓሊው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ይህ የሥዕል ቋንቋ ከአድዋ ውጭም ገዥዎችን አገልግሏል። በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ባለችው ናርጋ ሥላሴ፣ ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው ይታያሉ። አኳኋኑ የትሕትና ነው፤ ነገር ግን እዚያ ቅዱስ ስፍራ ላይ ለመሣል የበቃው ማን እንደሆነ ስንጠይቅ ሥልጣንም አብሮ ይታየናል።

የዓይኑ ሕግ ግን ወሰን አለው። በአድዋ ከኢጣሊያ ጋር ተሰልፈው የተዋጉ ኤርትራውያን አስካሪዎች ነበሩ። በቅኝ ገዥ ሥር የተመለመለ የአገር ልጅ ስንት ዓይን ይሣልለት? ጻድቅና ኃጥእን ብቻ የሚያውቅ አሣሣል ለእንዲህ ያለው ሰው ታሪክ በቂ ቦታ የለውም።

ስለዚህ እንዲህ ባለ ሥዕል ፊት ስትቆሙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ፊት ለፊት የሚያየን ማን ነው? ከላይ የተቀመጠው ማን ነው? ቦታ ያጣውስ? ሠዓሊው የሁለቱን መልስ በግልጽ ሰጥቷል፤ ሦስተኛውን ከታሪክ መጻሕፍት መፈለግ የተመልካቹ ድርሻ ነው።